«ማሽኑን ያጥፉ» ሲባል ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ቢሮ ለአዳዲስ ባልደረቦች የቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያሠራ ፕሮግራም) አጠቃቀም መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅቼ ነበር። በመመሪያው ውስጥ «የቨርቹዋል ማሽኑን ሃርድዌር ከመለወጥዎ በፊት ማሽኑን ያጥፉ፤ ቅንብሩንም ያረጋግጡ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ይህን ያነበበ አንድ ባልደረባ ማሽኑን ከነፋይሎቹ ሰረዘው። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎን አይውቀሱት፤ ዐረፍተ ነገሩ ሁለት መንገድ ያሳያል፣ እሱም አንዱን ይዞ ሄደ። «ጥፋት» የሚለው የራስዎ ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ነው።

«ጠፋ» የሚመለሰውንም የማይመለሰውንም የሚያቅፍ ግስ ነው። የጠፋ መብራት ይበራል፣ የጠፋች በግ ተፈልጋ ትገኛለች፣ «ምነው ጠፋህ?» የምንለውም ሰው ፊታችን ቆሞ ነው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ግን ያጠፋትን አይመልሳትም። ልዩነቱን የሚነግረን ግሱ ሳይሆን ተሳቢው ነው። «ኮምፒውተሩን አጥፋው» የተባለ ሰው እንዲያስቆመው፣ «ፋይሉን አጥፋው» የተባለ ደግሞ እንዲሰርዘው መታዘዙን ያለ ማብራሪያ ይረዳል፤ ፋይል የሚበራ ነገር አይደለምና። ቨርቹዋል ማሽን ግን ሁለቱንም ነው፤ ሲሠራ እንደማንኛውም ኮምፒውተር ይነሣል፣ ይቆማል፤ ሳይሠራ ደግሞ በአስተናጋጁ፣ ማለትም በእውነተኛው፣ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ የተቀመጡ ፋይሎች ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሲዳኘን የኖረው ተሳቢ እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ያቅተዋል።

«ይዝጉ» ቢሉም ከችግሩ አይወጡም። በቨርቹዋልቦክስ የሚሠራ ማሽን መስኮት ሲዘጋ ፕሮግራሙ ሦስት ምርጫዎችን ያቀርባል፤ ማሽኑን ካለበት ሁኔታ ጋር ማስቀመጥ፣ የመዝጊያ ምልክት መላክ፣ ወይም ኃይሉን ወዲያው ማቋረጥ። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው መስኮቱን በእርግጥ ዘግቷል፣ ማሽኑ ግን እንቅልፍ ላይ ነው እንጂ አልቆመም፤ በዚያ ሁኔታ የሚሞሪውን መጠንም ሆነ የፕሮሰሰሩን ቁጥር መንካት አይቻልም። እኔ የምመርጠው «ሥርዓተ ክወናውን ዘግተው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መቆሙን ያረጋግጡ» የሚለውን ነው፤ ሥርዓተ ክወና የምለው እንደ ዊንዶውስ ያለውን ነው። ፋይሎቹን ለማስወገድ ሲፈልጉ «ይሰርዙ» ይበሉ፤ «ያጥፉ»ን በዚህ መመሪያ ውስጥ ከነጭራሹ አያስገቡት።

«ቅንብሩን ያረጋግጡ» ደግሞ ጎደሎ ነው። ማረጋገጥ አስቀድሞ የሚታወቅ ወይም የሚጠበቅ ነገር ይፈልጋል፤ «መቆሙን»፣ «ሚሞሪው 4096 ሜጋባይት መሆኑን» እንላለን። ቁጥሩን ገና ያላወቀ ሰው የሚያረጋግጠው ነገር የለውም፤ መጀመሪያ «ይመልከት»። «ይፈትሹ» ማለት ነውር ባይሆንም የበር ላይ ፍተሻ ይሸታል፤ ብልሽት ለሚፈለግበት ጊዜ ቢቆይ ይሻላል። በንግግር ሁሉንም «ቼክ አድርገው» ብለን እንገላገላለን፤ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ የምንደናቀፈውም ለዚህ ነው።

«ሃርድዌሩን መለወጥ» የሚለውም ካቻቢቴ የሚያስፈልግ ያስመስላል። የጥገና ባለሙያ «ሚሞሪ ቀየርኩ» ሲል አሮጌውን ነቅሎ አዲስ ሰክቷል ማለት ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚነቀል ነገር የለም፤ ከአስተናጋጁ ሚሞሪ ለእንግዳው (ለቨርቹዋሉ) ማሽን የሚቆረስለት ድርሻ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እንግዲያስ «ይጨምሩ»፣ «ይቀንሱ» ይበሉ። «ይቀይሩ» የሚስማማው አንዱ በሌላው ሲተካ፣ ለምሳሌ የኔትወርክ ካርዱ ዓይነት ሌላ ሲደረግ ነው።

«ምናባዊ» ሳይሉ «ቨርቹዋል» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ምናባዊ የምንለው በሐሳብ ብቻ ያለውን ነው፤ ይህ ማሽን ግን የአስተናጋጁን ሚሞሪ በእውን ይበላል። «ቅንብር» ከሙዚቃ መንደር የመጣ ቃል ቢሆንም ስልኮቻችን አስለምደውናል፣ ይቆይ።

ዐረፍተ ነገርዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ «የቨርቹዋል ማሽኑን ሥርዓተ ክወና ይዝጉ። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ ቅንብሩን ከፍተው የተሰጠውን የሚሞሪ መጠን ይመልከቱ፤ 2048 ሜጋባይት ከሆነ ወደ 4096 ከፍ ያድርጉት። ማሽኑን አይሰርዙ።»