ጋፒዋ ወለደች፤ ልጆቹስ የት ገቡ?

ጥያቄ፦ በ40 ሊትር አኳሪየም ውስጥ አንድ ወንድና ሦስት ሴት ጋፒዎች (ትናንሽ የአኳሪየም ዓሦች) አሉኝ። አንዷ ማታ ስትወልድ ወደ 30 ልጆች ቆጠርኩ፤ ጠዋት የተረፉት ስድስት ነበሩ። እነሱን በሳህን ለይቼ የእንቁላል አስኳል ብሰጣቸው በሳምንት ውስጥ አለቁ። ብርዱ ነው የገደላቸው? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በብርዱ ብቻ አይፍረዱ። የጠፉትን የበሏቸው እናትየዋና ጓደኞቿ ናቸው። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ ከ21 እስከ 30 ቀን አርግዛ የሚዋኝ ልጅ ትወልዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጇን ከምግብ አትለይም። ሆዷ ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ሰፍቶ ሆዷ አራት ማዕዘን ሲመስል ቀኗ ደርሷል። ያኔ ልጆቹ እንዲደበቁበት እፍኝ ሙሉ ጃቫ ሞስ (ውሃ ውስጥ የሚያድግ ተክል) ይጨምሩላት፤ ካጡ ቀለም የማይለቅ የሹራብ ክር ፈትተው፣ በሙቅ ውሃ አጥበው ያንጠልጥሉ። ጠባቡን የፕላስቲክ መውለጃ እኛ አንወደውም፤ እናቲቱን ያስጨንቃታል።

ስድስቱን ግን የምንጠረጥረው አስኳሉን ነው። አስኳል በሰዓታት ውስጥ በስብሶ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያመጣል፤ ሳህን ውስጥ ደግሞ አሞኒያውን የሚበላ ባክቴሪያ የለም። ውሃው ወተት መስሎ ልጆቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎነጩ ካዩ ነገሩ ይኸው ነው። የደረቀ የዓሣ ምግብ በጣት አድቅቀው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይስጡ። አስኳል የግድ ከሆነ የጤፍ ፍሬ የምታህል ብቻ፤ የተረፈውን ከአንድ ሰዓት በኋላ በቀጭን ቱቦ ስበው ያውጡ።

ልጆቹን ቢያንስ 20 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ያሳድጉ። የሚገባበት ስፖንጅ ፊልተር (የስፖንጅ ውሃ ማጣሪያ) አስቀድሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ይሥራ፤ ባክቴሪያው የሚሰፍረው ያኔ ነው። በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፣ ክሎሪኑ ይፈጀዋል፤ ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። በክረምት ምሽት የአዲስ አበባ ቤት ከዚያ በጣም ስለሚወርድ ለ40 ሊትሩ 50 ዋት ሂተር (ውሃ ማሞቂያ) ያስፈልጋል።

በሳምንት ሩቡን ውሃ ይለውጡ። አዲሱን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክዳን በሌለው ባልዲ 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ ከሮቶ ጠዋት የቀዱትን በቀጥታ መጨመር ግን ብርዱን በአንዴ መድፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ምግብ ያቁሙ፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ውሃውን በኩባያ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ወንዱ ከሞተ ሁለት ወር ሆነው፤ ሴቷ ግን አሁንም ትወልዳለች። እንዴት? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ታስቀምጣለች፤ ካንዱ መገናኘት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። መልክ መርጠው ማራባት ካሰቡ ገና ያልተገናኘች ሴት ያስፈልግዎታል፤ ስለዚህ ልጆቹን ከ4ኛው ሳምንት ጀምረው ይለዩ። የወንዱ የሆድ ሥር ክንፍ እንደ መርፌ ይሾላል፣ የሴቷ ማራገቢያ መስሎ ይቀራል።