ትምህርት ቤትም ቋንቋም የቀያየረች ልጅ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሏታል ወይ ላሉት እናት

ሰላም እህቴ። ጥያቄዎን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ፣ የራሴው ታሪክ ነውና። እንደገባኝ ልጅዎ አዳማ እስከ 6ኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምራለች። ከዚያ አዲስ አበባ መጥታ ወደ እንግሊዝኛ ገባች፣ 9ኛን አንድ ትምህርት ቤት፣ 10ኛን ሌላ ጋ ጨረሰች። አሁን ደግሞ የሆነ ሰው "አሜሪካ ያሉት ትልልቆቹ ትምህርት ቤት የቀያየረ ልጅ አይወስዱም" ብሎ እንቅልፍ ነስቶዎታል።

ውሸት ነው። የሚጎዳት ወረቀቷ ከተምታታ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ ዓመት ተቃጥዬበታለሁ።

አሰላ ነው ያደግኩት። እስከ 4ኛ ክፍል በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል)፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገብተን 5ኛና 6ኛን በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ። 9ኛ ክፍል ላይ አያቴ ታመው እናቴ ልታስታምም ወደ አሰላ ስትመለስ እኔንም ይዛኝ ሄደች፣ 10ኛን እንደገና አዲስ አበባ። በ2010 12ኛ ክፍል ሆኜ ዘጠኝ ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ። ዘጠኙም በትህትና ሸኙኝ።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ በኋላ ነው። ትራንስክሪፕቴ 9ኛ ክፍልን 2007 ይለዋል፣ በኛ አቆጣጠር ማለት ነው። ፎርሙ ላይ ግን የተወለድኩበትን ዓመት በፈረንጅ 2000 ብዬ ሞልቻለሁ። እንግዲህ ቦስተን ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው እኔ በሰባት ዓመቴ 9ኛ ክፍል የገባሁ ተአምረኛ ልጅ ነኝ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል ጠየቀኝ፣ የቀሩት ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን እንዲጽፍ ያድርጉ። እምቢ ካሉ ልጅቷ ራሷ በአንድ መስመር ታስረዳ።

ስሟን ደግሞ ዛሬውኑ ይመልከቱ። የኔ ስም ውስጥ ጨ አለ። በቁቤ ጨ ሲ ብቻዋን ናት፣ ረጅም ድምፅ ካለም አናባቢው ይደገማል። አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤቴና ፓስፖርቴ ግን ሲ እና ኤች አድርገው፣ አናባቢውን አሳጥረው ጻፉት። የ9ኛ ክፍል ወረቀቴና የ10ኛው የሁለት ሰው መሰሉ። ጠ ያለበት ስም ይብሳል፣ በቁቤ ኤክስ ነውና። የልደት ሰርተፍኬቷ ከአዳማ ከሆነና በቁቤ ከተጻፈ፣ ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ሁሉንም በእሱ አስኬዱ። ካለፈም ከትምህርት ቤቱ "ሁለቱ ስም የአንድ ተማሪ ነው" የሚል ማህተም ያለው ደብዳቤ ያዙ።

ሦስተኛው ጥፋቴ የ9ኛ ክፍልን ወረቀት ሳልልክ መዝለሌ ነው። መሸኛ ስላለኝ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚሰጠኝ ወረቀት ይበቃል ብዬ። አይበቃም! ከ9ኛ እስከ 12ኛ አራቱንም ዓመት ነው የሚያዩት። ኮመን አፕ (ለብዙ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ላይ ከአሁኑ ሌላ የተማረችባቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምታስገባበት ቦታ አለ። ምክንያቱን ደግሞ ተጨማሪ መረጃ በሚለው ክፍል ትጽፋለች፣ ደረቅ አድርጋ። እኔ በሁለተኛው ዓመት እንደገና ሳመለክት የጻፍኩት ይኼን ብቻ ነው፦ እስከ 4ኛ በኦሮምኛ፣ 5ኛና 6ኛ በአማርኛ፣ ከ7ኛ በእንግሊዝኛ ተማርኩ፤ 9ኛን በቤተሰብ ሕመም ምክንያት አሰላ ተማርኩ። ለቅሶ የለበትም። ውጤት ወርዶ ከሆነ የወረደበትን ዓመት ከምክንያቱ ጋር ማያያዝ እንጂ ይቅርታ መለመን አያስፈልግም።

ለቅሶዬን የጨረስኩት የመጀመሪያው ዓመት ድርሰት ላይ ነበር። 650 ቃል ሙሉ ድህነት፣ ጨለማ፣ ብርሃን፣ የትምህርት ቁልፍ። አሁን ሳነበው ፊቴ ይቀላል። በሁለተኛው ዓመት የጻፍኩት ስለ አንዲት የ5ኛ ክፍል አስተማሪዬ ነው። ቃለ ጽሕፈት ታስጽፈናለች፣ እኔ ደግሞ ፊደል ገና ሀሁ ላይ ነኝ። ጨነቀኝና የምትለውን አማርኛ በሙሉ በቁቤ ጻፍኩት። ደብተሬን አየች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያዳመጠ እንደሚያነብ ሰው፣ ጮክ ብላ አነበበችው። "አንድም ቃል አልሳትክም" አለችኝና ውጤት ሳትጽፍ አለፈች። በማግስቱ የፊደል ገበታ አምጥታ የደብተሬ ሽፋን ላይ ለጠፈችልኝ። 7ኛ ክፍል ስንገባ የሳይንስ ቃላትን በሦስት ቋንቋ በሦስት ዓምድ የምጽፍበት ደብተር ያዝኩ፣ ከኔ በኋላ ከክልል የመጡ ልጆች ይገለብጡት ነበር። እስከዛሬ ድረስ የምደምረው በኦሮምኛ ነው፣ በነገራችን ላይ። የእርስዎም ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አታጣም። ትልቅ ታሪክ አትፈልግ፣ ደብተር ትፈልግ።

የእንግሊዝኛ ፈተናው ያን ያህል አያስጨንቅ። ሐርቫርድ ጭራሽ አይጠይቅም፣ ዬል ሁለተኛ ደረጃን ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረን ያልፈዋል። ለቀሩት ዱዎሊንጎ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ከቤት ይወሰዳል፣ ከቶፍልም ይረክሳል። እኔ መሃል ላይ መብራት ሄዶብኝ ደግሜ ነው የተፈተንኩት፣ ስለዚህ ባትሪና የሞባይል ዳታ ይዘጋጅ። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ግን ተመልሷል። ኤምአይቲ በፈረንጅ 2022፣ ሐርቫርድና ዳርትማውዝ በ2024 ፈተና ይምጣ ብለዋል። ሒሳቡን ከ11ኛ ክፍል ጀምራ ትለማመድ።

የምክር ደብዳቤ ላይ የኛ አስተማሪዎች "ጨዋና ታዛዥ ናት" ብለው በአምስት መስመር ይጨርሳሉ። ፈረንጆቹ ጨዋነቷን አይደለም የጠየቁት። ክፍል ውስጥ ምን ጠይቃ ታውቃለች፣ ምን ሠርታ ነበር፣ እሱን ለአስተማሪዋ ታስታውሰው፣ ግን ደብዳቤውን ራሷ እንዳትጽፈው። ደግሞ ትምህርት ቤት ቀያሪ ልጅ እዚህ ላይ ይጎዳል፣ አስተማሪው ገና ስላላወቃት። 11ኛን አሁን ያለችበት ትቆይ። ከዚህ በኋላ ባትቀይሯት ይሻላል።

ገንዘቡን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ዋሸሁዎት ማለት ነው። የአንድ ዓመት ወጪያቸው አሁን ከ80,000 ዶላር ያልፋል። የውጭ ተማሪ ገንዘብ መጠየቁን ከመቀበል ጋር የማያያይዙት ጥቂት ናቸው፣ ለምሳሌ ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ከ2022 ወዲህ ዳርትማውዝና ቦውዶይን። እነዚህ ደግሞ ከ100 አመልካች የሚወስዱት በጣም ጥቂት ነው፣ ሐርቫርድና ኤምአይቲ ከ5 በታች። ስለዚህ ስማቸው እዚህ ሀገር የማይታወቅ፣ ግን ለውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ትንንሽ ኮሌጆችን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ። እኔ በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ ጋ አመልክቼ አንዱ ብቻ ነው የተቀበለኝ፣ ማሳቹሴትስ ያለ፣ እናቴ እስከ ምርቃቴ ስሙን በትክክል ያልጠራችው። የማመልከቻ ክፍያውን አቅም የለኝም ብላ ነጻ ማስደረግ ትችላለች፣ ለገንዘብ ድጋፍ ፎርሙም ክፍያ ካለው ለኮሌጁ ኢሜይል ጽፋ ትጠይቅ። እኛ ደመወዝ ያለው ሰው ቤታችን ስላልነበረ ከቀበሌ የገቢ ደብዳቤ አስጽፈን አስተረጎምነው።

ቀኑን አትርሱ፣ ቀደም ብሎ የሚያመለክት እስከ ኖቬምበር 1፣ የቀረው አብዛኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ለኛ የጥቅምት መጨረሻና የገና ሰሞን መሆኑ ነው። የ9ኛ ክፍሉን ትራንስክሪፕት ግን እስከዚያ አያቆዩት። የኔን ለማውጣት ሦስት ጊዜ አሰላ ተመላልሻለሁ። አንዴ የሬከርድ ኦፊሰሩ ፈቃድ ወጥተዋል፣ አንዴ ማህተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው። በሦስተኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። እርስዎ ሰኞ ይሂዱ፣ ሁለት ኮፒ ያስወጡ፣ ስሟንና ዓመቱን እዚያው ቆመው ያንብቡት።