ከመዶሻ የመጣ ስድብ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ስፖርት ቃላት ናቸው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሜልቦርን ነው የምኖረው። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ክሪኬት ሲያወሩ "ስሌጂንግ" ይላሉ። ምንድነው? ከየትስ መጣ?

ማብሸቅ ነው፣ ሌላ አይደለም። ክሪኬት የምትወረወርን ኳስ በዱላ የመምታት ጨዋታ ነው። መቺው ዱላውን ይዞ ሲቆም 11 ተጋጣሚዎች ከበውታል። አንደኛው ከጀርባው ቁጢጥ ብሎ፣ ኳሷ ልትወረወር ስትል "ዛሬስ ታይሃለች?" ይለዋል። ሐሳቡ ከተበተነ አለቀለት። አሁን መቺው ኳሷ እንዳትነካቸው በሚጠብቃቸው፣ ከኋላው በተተከሉት እንጨቶች ውስጥ ማይክሮፎን ስለሚገባ፣ ነገሩ ቴሌቪዥን ለሚያየውም ይሰማል።

ቃሉን የወለዱት እዚያው እናንተ አገር ነው። የቀድሞው የአውስትራሊያ አምበል ኢያን ቻፔል እንደሚሉት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ አደሌድ ውስጥ አንድ ተጫዋች ሴት ባለችበት ጸያፍ ቃል ያመልጠዋል። ጓደኞቹም በ"ስሌጅሃመር" መሰሉት። ድንጋይ የሚፈለጥበት ትልቁ መዶሻ ማለት ነው። እኛ "አፉ እንዳመጣለት" የምንለው ዓይነት ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በሜዳ ላይ ተጋጣሚን መዝለፍ ስሌጂንግ ተባለ።

ሌላም ወሬ አለ። ሚስቱ ከቡድን ጓደኛው ጋር ትታማ የነበረ መቺ ሜዳ ሲገባ፣ ተጋጣሚዎቹ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የፐርሲ ስሌጅን የፍቅር ዘፈን አንጎራጎሩበት ይባላል። ክፋቱ ግን አያድርስ ነው! ችግሩ ዘፈኑ የወጣው በ1966 መሆኑ ነው። ቻፔል ደግሞ ነገሩን ከዚያ በፊት ያደርጉታል። እኔ ከመዶሻው ጋር ነኝ።

"ሁሊጋን" የእግር ኳስ ቃል ነው?

አይደለም። ኳስ ያገኘችው ዘግይታ ነው። በ1898 የለንደን ጋዜጦች መንገድ ላይ የሚደባደቡ ጎረምሶችን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ከአንድ የአየርላንድ ቤተሰብ ስም የተወሰደ ነው ይባላል። ቃሉ ሩሲያም ገብቶ፣ በሶቪየት ዘመን የወንጀል ሕግ ውስጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኗል። ስታዲየም ውስጥ ለሚረብሽ ደጋፊ በሰፊው የዋለው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ሐትሪክ ውስጥ ኮፍያ ምን ይሠራል?

"ሐት" በእንግሊዝኛ ኮፍያ ነውና፣ ይህም የክሪኬት ነው። በ1858 ሼፊልድ ላይ ኤች ኤች ስቲቨንሰን የሚባል ተጫዋች በተከታታይ በወረወራቸው ሦስት ኳሶች ሦስት መቺዎችን አሰናበተ። ገንዘብ ተዋጣና ኮፍያ ተገዛለት። በእግር ኳስ ሦስት ያገባ ግን ኳሷን ራሷን በብብቱ ሸጉጦ ይወጣል።