ብሌንደር ላይ ሞሽን ፓዝን በስክሪፕት ማስተካከል

ወንድሜ፣ «የኳሴን ሞሽን ፓዝ በማውዝ ልጎትት ብል እምቢ አለኝ፤ በስክሪፕት ይቻላል ወይ?» ብለሃል። ይቻላል። የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራሙ ብሌንደር የሚያሳይህ ሞሽን ፓዝ (ኳሱ የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳየው መስመር) ተሰልቶ የተሳለ ነው እንጂ ማያ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ እንዳለው ኤዲተብል ሞሽን ትሬል የሚጎተት አይደለም። ዋናው ዳታ ያለው ግራፍ ኤዲተር ውስጥ ነው። ለኤክስ፣ ለዋይና ለዜድ ለየብቻ ኤፍ ከርቭ (ቦታው በጊዜ እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ ግራፍ) አለ። ስክሪፕትህ እነሱን ነው መንካት ያለበት።

እኔ የምጠቀምበት የፓይተን ኮድ አጭር ናት። የተመረጡትን ኪፍሬሞች (ቦታው የተመዘገበባቸውን የከርቩን ነጥቦች) ዋጋ ትቀይራለች፣ የፍሬም ቁጥራቸውን አትነካም። ኳሱ በሰዓቱ ይደርሳል። ፍጥነቱ ግን ይቀየራል፤ በዚያው 10 ፍሬም ረዘም ያለ መንገድ ከሰጠኸው መፍጠኑ አይቀርም።

ሃንድሎቹን፣ ማለትም በየኪፍሬሙ ግራና ቀኝ ሆነው የከርቩን ቅርጽ የሚወስኑትን፣ እንዳትረሳ። የነጥቡን ቦታ የያዘውን «ኮ» (co) ብቻ ከቀየርክ ነጥቡ ይሄዳል፣ ፍሪ የሆኑት ሃንድሎች ባሉበት ይቀራሉ፣ መስመሩም ይጣመማል። «ኮ አንደርስኮር ዩአይ» (co_ui) የሚለውን ተጠቀም፤ ሃንድሎቹን አብሮ ይወስዳቸዋል። መጨረሻ ላይ ኤፍ ከርቩን አፕዴት በለው።

ትልቁ ጣጣ ፓረንት (ኳሱ የተያያዘበትና የሚከተለው ሌላ ኦብጀክት) ነው። ኤፍ ከርቩ የሚይዘው ከፓረንቱ አንጻር ያለውን ቦታ ነው። ፓረንቱ ዞሮ ከሆነ አንተ ወደ ቀኝ ስትለው ወደ ላይ ሊሄድብህ ይችላል። ስለዚህ የፓረንቱን የወርልድ ማትሪክስ (matrix_world) በኳሱ ፓረንት ኢንቨርስ (matrix_parent_inverse) አባዛ፣ 3 በ3 የሆነውን ክፍል ብቻ ውሰድ፣ ገልብጠውና (ኢንቨርት አድርገውና) የምትጨምረውን ቬክተር በእሱ አባዛ። ፓረንቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይህን በየኪፍሬሙ፣ ሲኑን እዚያ ፍሬም ላይ አቁመህ መሥራት አለብህ። አሰልቺ ነው፤ ግን ለዚህ ለዚህ አይደል ስክሪፕት የተፈጠረው?

ከኢንተርኔት ያወረድከው የቆየ ስክሪፕት ኤረር ካወጣ ቨርዥንህን እይ። በብሌንደር 4.4 ኤፍ ከርቮቹን የሚይዙት አክሽኖች ላይ ስሎት (ከርቮቹ የየትኛው ኦብጀክት እንደሆኑ የሚለይ ክፍል) ገባ። በ5.0 ደግሞ «አክሽን ዶት ኤፍ ከርቭስ» (action.fcurves) የሚለው የድሮ አጻጻፍ ተወገደ።

በነገራችን ላይ፣ ሥራው ሕንፃ የሚዞር ካሜራ ዓይነት ከሆነ ስክሪፕቱን ተወው። ቤዚየር ከርቭ ሳልና ለካሜራው ፎሎው ፓዝ ኮንስትሬንት (ከርቩን ተከትሎ እንዲሄድ የሚያደርግ ማሰሪያ) ስጠው፤ ከርቩን እንደፈለግክ በማውዝ ትጎትተዋለህ።

ኮዱን አስኪደህ መስመሩ ባለበት ከቆመ አትደንግጥ። ኦብጀክት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሞሽን ፓዝስ የሚለው ስር ገብተህ አፕዴት በለው። ካልሆነልህ ኮድህን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።