የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ሐሳባቸውን በይፋ ይንገሩን፦ ጥያቄና መልስ

አገር አቀፍ የሳይንስ ፖሊሲ በሚከለስበት ጊዜ የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች አስተያየታቸውን ሕዝብ በሚያነበው መንገድ እንዲያቀርቡ እንጋብዛቸው ብዬ ነበር። በጎጃም ካሉ ተመራማሪዎችና የግብርና ባለሙያዎች ብዙ ጥያቄ መጣልኝ። የምርምር ፕሮጀክቶችን ሳስተባብር እንደኖርሁ ሰው የምችለውን እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ገንዘብ ሰጪ ፖሊሲ ላይ ሐሳብ ይስጥ ማለት አገሪቱን ይምራ ማለት አይሆንም?

ስጋትህ ይገባኛል። ግን እኮ አሁንም ሐሳቡን ይሰጣል፤ የሚሰጠው በር ዘግቶ ነው። በፕሮፖዛል ጥሪው ላይ ይህ ይጠና፣ ያ ይቅር ሲል የምርምራችንን አቅጣጫ እየወሰነ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ተስማምተው ነበር፤ እኛ ከዚያ ብዙ ስለምንርቅ የውጭው ገንዘብ ክብደቱ ይበልጣል። ስለዚህ በስሙና በጽሑፍ ይናገር። ውሳኔው የመንግሥት ነው።

በሌላ አገር ተሞክሯል?

አዎ። የአሜሪካ ዋይት ሀውስ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ስለሚከፈትበት መንገድ አስተያየት ጠየቀ፤ በ2013 መመሪያው ወጣ። በአውሮፓ ደግሞ ገንዘብ ሰጪዎቹ ራሳቸው በ2018፣ የሚደግፉት ጥናት ሁሉ ለአንባቢ በነፃ እንዲከፈት ያወጡትን «ፕላን ኤስ» የተባለ እቅድ ለአስተያየት ክፍት ሲያደርጉ ከ600 በላይ ምላሽ ደረሳቸው። የሚጀመርበትንም ጊዜ ከ2020 ወደ 2021 አሸጋገሩት። ሰው ተናግሮ ነገር ሲለወጥ ማየት እንዴት ያለ ብርታት ይሰጣል!

ለእኛ ለጎጃሞች ምን ይፈይድልናል?

ወደ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ እንሂድ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት ሲነሳው ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያሳድጋል፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ መሬቱን እንደገና ለጤፍ ያርሳል። አፈሩ ማገገም አለማገገሙ የሚታወቀው ይህ ዙር ሞልቶ ሲታረስ ነው። የሦስት ዓመት የፕሮጀክት ውል ይዞ የገባ ተመራማሪ ግን ዛፉ ሳይቆረጥ ሪፖርት አስገብቶ ይወጣል። ገበሬው የጠየቀው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ገንዘብ ሰጪው ውሉን ለምን ማርዘም እንዳልቻለ በይፋ ቢናገር፣ ፖሊሲው የቀሩትን ዓመታት ከመንግሥት በጀት የሚሸፍንበትን መንገድ ሊያበጅ ይችላል። ምክንያቱ ካልታወቀ ማን ምን ያስተካክላል?

የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ምርምር ክፍት ይሁን ብሎ የለ? ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በአገር አቀፍ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ያዛል። የውጭ ገንዘብ ሰጪዎች ውል ከዚህ ጋር የት እንደሚገጥምና የት እንደሚጋጭ ግን ከእነሱው አንደበት መስማት አለብን። አዴት ያለ ባለሙያ በገዛ ማሳው የተሠራ ጥናት ለማንበብ ዶላር ሊጠየቅ አይገባም።

ገንዘብ ሰጪ የሚባለው የውጭ ድርጅት ብቻ ነው?

አይደለም። ክልሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹና የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖቹም ይጋበዙ። ለሙከራ መሬቱንና ጉልበቱን የሚሰጠው ገበሬም የምርምሩን ወጪ እየተጋራ ነውና ቦታ ይኑረው።

የግብዣው ደብዳቤ ምን ይያዝ?

የፖሊሲው ረቂቅ በአማርኛም ይያያዝ። ጥያቄዎቹ ጥቂትና ቁርጥ ያሉ ይሁኑ፦ ለስንት ዓመት ትደግፋላችሁ? ርዕሱን ማን ይመርጣል? መረጃው የማን ነው? ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጣቸው፤ የአንድ ቀን የሆቴል ስብሰባ አይበቃም። የመጣው አስተያየት ሁሉ ታትሞ ይውጣ፤ የትኛው ለምን ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው ለምን እንደቀረም ይጻፍ።

ዝም ቢሉስ?

የተጋበዙት ሁሉ ስም ዝርዝር ይታተም፤ ምላሽ ያልሰጡትም በዚያው ተለይተው ይታዩ።