ራጁ «ንፁህ ነው» ተባለ፣ ወገቧ ግን አላስተኛትም

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ወገቧን ካመማት ሦስት ወር ሊሞላ ነው፣ ማታ ይብስባታል፣ ያልባታል፣ ደሞ በጣም ከስታለች። ራጅ ተነስታ ምንም የለም ተብላ ማስታገሻ ሰጧት። አሁን ሌላ ሐኪም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ኤምአርአይ ትነሳ አለን፣ ዋጋው ከበደን፣ ጎረቤት ደሞ ወጌሻ ጋ ውሰጂያት ይሉኛል። ራጁ ንፁህ ከሆነ ኤምአርአይ ምን ይጨምራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወጌሻውን በፍፁም ተዪው። ኢንፌክሽን የያዘው አጥንት ደካማ ስለሆነ ሲታሽ ሊሰበርና ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫነው ይችላል።

የራጁ ንፁህ መሆን እኔን አያረጋጋኝም፣ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። ራጅ ላይ የሚታየው አጥንቱ ከተበላ በኋላ ነው፣ ያውም ከሲሶ እስከ ግማሽ ካልጠፋ በደንብ አይለይም፣ ስለዚህ ሳምንታት ወደኋላ ይቀራል። ኤምአርአይ ግን በማግኔት ነው የሚሰራው፣ ጨረር የለውም፣ መቅኒው ተቆጥቶ ውሃ ሲይዝ አንዱ ምስል ላይ ይጠቁራል ሌላው ላይ ያበራል፣ አጥንቱ ሳይፈርስ ገና ማለት ነው። ኢንፌክሽን ካለ ከ90 በመቶ በላይ ያገኘዋል። ጋዶሊኒየም የሚባለው መርፌ ሲጨመርበት ደሞ መግል ያለበት ቦታ ዳር ዳሩ ብቻ ስለሚያበራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወይ የልብ ምት ማስተካከያ ካላቸው ግን ቀድመሽ ተናገሪ።

እኛ አገር መጀመሪያ የምጠረጥረው ቲቢን ነው። ቲቢ ብዙ ጊዜ ዲስኩን (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ትራስ) ለጊዜው ይተወውና የአጥንቱን የፊት ክፍል ይበላል፣ በጅማቱ ስር ተስቦ ሁለት ሦስት አጥንት ያዳርሳል፣ አንዳንዴ አንዱን ዘሎ ሌላ ቦታ ስለሚወጣ ሙሉ አከርካሪው ቢነሳ ይሻላል። ሌላው ባክቴሪያ ዲስኩን ቶሎ ያበላሸዋል፣ ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ደሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታም አለ፣ እሱ የታችኛውን ወገብ ነው የሚወደው።

ግን ይመሳሰላሉ፣ ምስሉ የጀርሙን ስም አይነግርሽም። ስለዚህ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ) እና ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም በዘረመሉ ለሚለየው ምርመራ) ይላክ፣ ከዛ በፊት ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው፣ ጀርሙን ይደብቀዋል። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፣ የአጥንት ሲሆን 12 ወር ይወሰዳል።

እግራቸው ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይ ሽንት ከከለከላቸው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።