መልስ፦ እናቴ በእግር ስንሄድ ሳወራት ለምን ትቆማለች?

እህቴ፣ «እማዬን ሐይቁ ዳር ሳናፍሳት፣ ወሬ ስጀምር ቆም ትላለች፤ ካልቆመች ትንገዳገዳለች» ላልሽው፣ እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ወጣት ሳለን እግራችን ሳናስበው ይሄዳል። ዕድሜ ሲገፋ ግን አእምሮ እርምጃውን መከታተል ይጀምራል፤ ወሬ ሲጨመርበት ትኩረቱ ለሁለት ይከፈላል። መቆማቸው ብልህነት ነው፣ ግን ምልክትም ነው፦ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ የስዊድን ጥናት ከ58 አረጋውያን 12ቱ ወሬ ሲጀመር ቆሙ፤ ከነሱም 10ሩ በ6 ወር ውስጥ ወደቁ።

ስለዚህ ባጃጅ የሚርመሰመስበትን አስፋልት ስትሻገሩ ዝም በይ። የሠፈሩን ወሬ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና ይዛችሁ አውሩት (ለወሬውም ይሻላል)። ልምምድም ይረዳል፤ ደልዳላ ቦታ ላይ ክንዳቸውን ይዘሽ፣ እየሄዱ ከ20 ወደ ኋላ ይቁጠሩ፣ ወይም ለቅዳሜ ገበያ የሚገዛውን አንድ በአንድ ይንገሩሽ። እርምጃቸው ከተወላገደ ቁጥሩን አስቁሚ። ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ የሚያደርጉ ከሆነም ለመንገድ አይሆንም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ የደም ግፊትና የእንቅልፍ ካለ፣ ለሐኪም አሳዪ፤ ዓይናቸውም ይታይ። ነገሩ በድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው።